በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጠራል

(ድምፅ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ፣ የመንገደኞች ጫጫታ፣ የማኅተም ምት። ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።)

ተራኪ፦ አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በግሪን ካርድ እናቱን መውሰድ አይችልም። የአገሪቱ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል፤ ለወላጅ የሚያመለክተው ግን 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ብቻ ነው። ይኸው ሰው እናቱን ሊያስታምም አገር ቤት መጥቶ፣ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከዓመት በላይ ቢቆይ የመኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሲቲዝን ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ተቀምጦ ይመለሳል። ስለዚህ የአሜሪካን ፓስፖርት የሚያወጣው ሰው የሚያወጣው ወይ እናቱን ሊያመጣ፣ ወይ አጠገቧ ሊሰነብት ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ይህንኑ ድርጊት እንደ ስንብት ይወስደዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ ወዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጥረዋል። የዛሬው ዝግጅታችን የሚመረምረው ይህንን «መቁጠር» ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። አዋጁ ይህን ሳይጥስ ዜግነትን የሚያስቀረው ታዲያ የሰውየውን ፈቃድ ራሱ እየገመተለት ነው። ሰውየው «ትቻለሁ» አላለም፤ ሕጉ ግን እንዳለ ቆጠረለት። ግምቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ፣ የውጭ ዜጋ አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘች ኢትዮጵያዊት የራሷን ታጣለች ይል ነበር። ትዳሯ እንደ ስንብት ተቆጠረባት ማለት ነው። ያው አንቀጽ 33 ይህን ሽሮታል፤ ከውጭ ዜጋ ጋር መጋባት የወንዱንም የሴቷንም ዜግነት አያስቀርም። አገሪቱ ትዳር ስንብት አለመሆኑን ከተቀበለች፣ ለእናት ሲባል የተሞላ ቅጽ ስንብት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ያ የድሮ ሕግ በአንድ ነገር ከዛሬው ይልቅ ለዘብ ያለ ነበር፦ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወደ አገሩ ተመልሶ ለመኖር ሲያመለክት ዜግነቱን መልሶ የሚያገኝበትን በር ትቶለታል። የዛሬው አዋጅ ለተመላሹ በሩን የሚከፍተው ሌላውን ዜግነት ከጣለ በኋላ ነው።

መንግሥት ራሱ ግምቱን እንደማያምነው የሚያሳየው ቢጫ ካርዱ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ሰጠ። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። መብቱ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው ሳይቀር ይደርሳል። አገሬን ትቻለሁ ብሎ ለሄደ ሰው እንዲህ ያለ ካርድ አይዘጋጅም። ካርዱ የማይሰጠው ግን መምረጥንና መመረጥን ነው፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠርንም ይከለክላል። በገንዘቡና በጉልበቱ የእኛ ነው የተባለ ሰው በቃሉ ባዕድ ሆነ።

(ድምፅ፦ የባቡር ፉጨት፣ ከሩቅ። ጸጥታ።)

ተራኪ፦ ፈቃድን ከወረቀት ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገራችን አይታዋለች። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት መካከል ብዙ ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ኖረው፣ ሠርተው፣ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዘው ቀጠሉ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሳ ያ ድምፅ የኤርትራን ዜግነት እንደ መቀበል ተተረጎመ፤ በሂዩማን ራይትስ ዎች ግምት 75,000 ያህል ሰው ከኢትዮጵያ ተባረረ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ጉዳዩን ሲያይ፣ ሰዎቹ የኤርትራን ዜግነት ማግኘታቸውን ተቀበለ። ሆኖም ኢትዮጵያ እንደ ዜጎቿ ማስተናገዷን ስላላቋረጠች የሁለቱም ዜጎች ነበሩ አለ። ለደኅንነት ተብሎ ተጣርተው የተባረሩትን ዜግነት መንጠቅ ሕጋዊ ነው ሲል፣ በሌሎች ላይ የተፈጸመውን ግን የዘፈቀደ ብሎ በየነ። ኤርትራም በበኩሏ በኢትዮጵያውያን ላይ በፈጸመችው በደል ተጠያቂ ሆናለች። በሰላም ጊዜ የተጻፈች አንዲት ግምት በጦርነት ቀን ቤተሰብ የምትለያይ መሆኗን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

የጥምር ዜግነት ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ ተገቢውን መልስ ይፈልጋል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁለት ፓስፖርት ያለው ይበራል፣ አንድ ያለው ይቀራል ይላሉ። የሚበረው ሰው የሚቀረውን ሰው ዕጣ በድምፁ ሊወስን አይገባውም ማለታቸው ነው። እውነትነት አለው። ሆኖም መድኃኒቱ ዜግነትን መንጠቅ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በትውልድ ዜጋ የሆነ ሰው ሌላ ዜግነት በመያዙ ዜግነቱን አያጣም አለች፤ ከዚያው ጋር ጥምር ዜጋ የመንግሥት ባለሥልጣንና የመከላከያ አባል እንዳይሆን ከለከለች። ድምፅ መስጠትንም ከነዋሪነት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚመርጠው ውጤቱን አብሮ የሚኖረው ይሆናል። ታማኝነት የሚያሰጋ ከሆነ ሥልጣኑን መገደብ በቂ ነው፤ ሰውየውን ከቤተሰቡ መዝገብ መፋቅ ግን ከሥጋቱ ጋር አይመጣጠንም።

በዚህ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ሕፃን በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ አሜሪካዊ፣ በእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለቱንም አልጠየቀም፤ ምንም ቅጽም አልሞላም። የዜግነት አዋጁ ግን 18 ዓመት ከሞላው በኋላ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ጥሎ የኢትዮጵያን ለመያዝ መምረጡን ካላሳወቀ የኢትዮጵያን እንደ ተወ ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ልጁ የኮሌጅ ማመልከቻ ሲሞላ ይከርማል፤ እንዲህ ያለ ቀን መኖሩን የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ዓመቱ ሲያልቅ ዝም ማለቱ ፈቃድ ተብሎ ይመዘገባል።

(ድምፅ፦ አንድ የማኅተም ምት። ፍጻሜ።)