ለሁለት ጌታ የገበሩት የመተማ ሸይኾች
ስለ ሙስሊም መንግሥታቶቻችን ሲወሳ ኢፋትና አዳል ይቀድማሉ፤ የመተማን ሸይኾች እንዘነጋቸዋለን። መሥራቾቹ ተክሩሮች ናቸው፤ ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው በዚህ ቆላ የቀሩ። ሸይኾቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ፈሪነት እንዳይመስለን! የደጋው ቡናና ሰም ከቆላው ጥጥ ጋር የሚገናኝበት ገበያ የሚቆመው ሁለቱም ወገን ሲተዉት ነው። ባሪያም ይሸጥበት እንደነበር አንደብቅም።

በ1860ዎቹ ግብፆች መተማን ያዙ። ማህዲያ ሲነሣ ደግሞ መሀል መቆም አልተቻለም። ሸይኽ ሷሊህ ሸንቃ የማህዲን ጦር ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ተጠጉ፤ በ1870 በቦሩ ሜዳ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወዳዘዙት አፄ ዮሐንስ መንግሥት! ገበያው የደርቡሾች ምሽግ ሆነ። በመጋቢት 1881 ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ቆስለው ሞቱ። የ1894ቱ የድንበር ውል ጋላባትን ለሱዳን፣ መተማን ለኢትዮጵያ ሰጠ።