ለታመመ እስረኛ ማን ይክፈል?

ከአጣዬ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ በሸዋ ሮቢት ያልፋል። ወባ በሚበረታበት በዚህ የይፋት ቆላ የታወቀ ወህኒ ቤት ይገኛል። ነፃ ሰው ብርድ ብርድ ሲለው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ እስረኛ ግን የሚሄደው በር ሲከፈትለት ነው። ታዲያ በዚያ በር ላይ ገንዘብ ይጠየቅ ዘንድ ይገባልን?

በአሜሪካ ይህ የተለመደ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ያለ በቂ ሕመም የሚመላለሰውን ለመቀነስ ተብሎ፣ ለአንድ ምርመራ 5 ዶላር ታስከፍል ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በሰዓት 8 ሳንቲም ያገኝ ለነበረ እስረኛ ይህ ከ60 ሰዓት የሚበልጥ ድካም ስለ ነበረ ሕመሙን ደብቆ መተኛት ግድ ይሆንበት ነበር። ግዛቲቱም በ2011 ዓ.ም. ክፍያውን አስቀረች።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች የእስረኛ ሕክምና በነፃ እንዲሆን ይላሉ። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 የእስረኛ ሰብአዊ ክብር እንዲጠበቅ ይደነግጋል።

ዘመድ ለእስረኛ ስንቅ ማቀበሉ የቆየ ደግ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ዘመድ የራቀበት እስረኛ ከማን ተቀብሎ ይክፈል? ሳንባ ነቀርሳም ከፋዩን ከማይከፍለው አይለይም፤ ከዘበኛውና ከጠያቂው ጋር ወደ ከተማ ይወጣል።

ዳኛ የሚፈርደው ነፃነትን ማሳጣት ነው እንጂ ጤናን ማሳጣት አይደለም። ስለዚህ ቁልፉን የያዘ መድኃኒቱንም ይስጥ እንላለን።