የቤት በረሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

የጀርመን በረሮ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር የሚኖር ትንሽ ቡናማ ነፍሳት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና አዲስ አበባን በከበቡ ሌሎች ከተሞች ማዕድ ቤት ውስጥ የሚታየው በረሮ በአብዛኛው ይኸው ዝርያ ነው። የውጭውን ብርድ ስለማይችል ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ቤት አይገባም። የሚገባው ከዕቃ ጋር ተጭኖ፣ በሰው እጅ ነው።

ዝርያው እና አመጣጡ

ስሙ «የጀርመን» ቢባልም መነሻው ጀርመን አይደለም። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው በአገሩ ስም ጀርመንን ጠቀሰ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት እንደሚያሳየው ግን በረሮው ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ እስያ ከሚኖር የሜዳ በረሮ የተገኘ ነው። ከዚያ በንግድና በሠራዊት ጓዝ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ አውሮፓ የደረሰው ከ400 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ዛሬ በዱር የሚኖር የጀርመን በረሮ አይታወቅም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በ1999 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዝዋይ (ባቱ) በረሮዎችን በወጥመድ ሰብስበው ነበር። በአዲስ አበባ የተያዙት 2,240 በረሮዎች በሙሉ የጀርመን በረሮ ሆነው ተገኙ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘውና ሞቃት በሆነችው ዝዋይ ግን ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ሌሎች፣ አንዳንዶቹም በጣም ተለቅ ያሉ ዝርያዎች ነበሩ። ልዩነቱን የሚያስረዳው የአየሩ ጠባይ ይመስላል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆን ከፍታቸው እንደ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። እንዲህ ባለ አገር በረሮ የሚኖረው ሙቀት ባለበት ብቻ ነው፦ በፍሪጅ ሞተር ዙሪያ፣ ከምድጃ ጀርባ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር፣ አንዳንዴም በቴሌቪዥንና በዲሽ ሪሲቨር ውስጥ። ፍለጋውም ከእነዚህ ቦታዎች ይጀመራል።

መለያው

ያደገው በረሮ ከ11 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከራሱ በስተጀርባ ባለው ጋሻ መሰል ሽፋን ላይ ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ለመለየት ይህ ይበቃል። ያላደጉት ክንፍ የላቸውም፣ መልካቸውም ጠቆር ይላል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ሌላ ነፍሳት ይመስሉታል። «በረሮ» የሚለው ቃል «በረረ» ከሚለው ግስ ጋር ቢመሳሰልም ይህ ዝርያ ክንፍ እያለው አይበርም ማለት ይቻላል፤ ሩጫው ግን ፈጣን ነው።

ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የሚይዝ ከረጢት ከሆዷ ጫፍ አጣብቃ ትዞራለች፤ የምትጥለውም ሊፈለፈል ሲቃረብ ነው። በሞቀ ማዕድ ቤት ውስጥ የተፈለፈሉት በሁለት ወር ገደማ አድገው መራባት ይችላሉ። አንዲት እንቁላል የተሸከመች ሴት በካርቶን ውስጥ ገብታ ከመጣች አንድ ቤት ለመሙላት ጥቂት ወራት ይበቃሉ።

በረሮ ከሰው ዓይን የሚሸሽ የሌሊት ነፍሳት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ቀድሞ ምልክቱ ይታያል። ኩሱ በብፌ ማጠፊያና በመሳቢያ ጥግ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ተበትኖ ይገኛል። ባዶ የእንቁላል ከረጢትና የተጣለ ቆዳም አብረው ይታያሉ። ብዛቱ ሲጨምር ደስ የማይል የሻጋታ ዓይነት ጠረን ይመጣል። በቀን ብርሃን መታየት ከጀመረ መደበቂያው ሞልቶ ተርፏል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ የጠርሙስ ወጥመድ ነው። አፉ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ጠላ ወይም ቢራ የነካው ቁራሽ ዳቦ ይደረጋል፤ የውስጡ ከንፈር በቅቤ ወይም በቫዝሊን ይቀባል፣ ከግድግዳ ጥግ ተጠግቶም ያድራል። የገባው ተንሸራትቶ መውጣት አይችልም። በየክፍሉ አንድ አንድ ቢቀመጥ የትኛው ጥግ ዋና መደበቂያ እንደሆነ በጠዋት ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል።

በጤና ላይ ያለው ጉዳት

ከላይ በተጠቀሰው የ1999 ጥናት በበረሮዎቹ ገላና አንጀት ውስጥ የአሜባ፣ የወስፋት፣ የኮሶና የሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን እንቁላሎች ወይም እንደ እንቁላል የሚያገለግሉ ቅርጾች ተገኝተዋል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ከፍተኛ ክትትል ክፍል የተሰበሰቡ 400 የጀርመን በረሮዎችን መርምሮ ብዙ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንደተሸከሙ አሳይቷል። በረሮ ጀርሙን ይሸከማል ማለት ግን በቤቱ ውስጥ ለተከሰተው ተቅማጥ ሁሉ መንስኤው እሱ ነው ማለት አይደለም። በደንብ የተረጋገጠው ሌላኛው ጉዳት አለርጂ ነው፤ የኩሱና የቆዳው ብናኝ በተለይ በልጆች ላይ አስም ይቀሰቅሳል፣ ያለውንም ያባብሳል።

ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

በረሮ የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው የሚለው አመለካከት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ቤተሰቡ አፍሮ ለጎረቤት አይናገርም፤ በአንድ ግቢ በሰርቪስ ክፍሎች የሚኖሩ ተከራዮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታገሉ በረሮው በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። በኮንዶሚኒየም ይህን መንገድ የሚከፍትለት የቧንቧ መተላለፊያው ነው።

በእነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ ቤት ቀይሮ የሚመጣው ብዙ ነው። ያገለገለ ፍሪጅ፣ ብፌና ምድጃ፣ ከሱቅ የሚወሰድ ባዶ ካርቶን፣ የቢራና የለስላሳ ሳጥን ዋነኞቹ መጓጓዣዎች ናቸው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ የጀርባ ክዳኑ ተከፍቶ ቢታይ፣ ካርቶኑም ውጭ ተራግፎ ቢቀር ከማንኛውም መድኃኒት በላይ ይጠቅማል። ይህን ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው። በረሮ ውሃ ካገኘ ያለ ምግብ ለሳምንታት ይቆያል፤ ውሃ ካጣ ግን ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቤቱ በርሜልና ጀሪካን ስለሚሞላ ክዳናቸው መግጠሙና ሥራቸው መድረቁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገኑ፣ ሳህን ሳይታጠብ አለማደሩ ልዩነት ያመጣል። ቡሃቃና ሞሶብ ይከደናሉ። በግድግዳና በቧንቧ ዙሪያ ያለ ስንጥቅ በጀሶ ወይም በሲሊኮን ይደፈናል።

ማጥፋት

ፍሊት መንፋት የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ አጭር ነው። የሚታየውን ይገድላል፤ በስንጥቅ ውስጥ ያለውን ወደ ሌላ ክፍል ይበትናል፤ በከረጢት ውስጥ ያለውን እንቁላል አያገኘውም። በዓለም ዙሪያ ያሉ የጀርመን በረሮዎችም ብዙዎቹን የፍሊት ዓይነቶች ተላምደዋል።

የተሻለው በሲሪንጅ የሚሸጠው የማጥመጃ ጄል ነው። በማጠፊያና በስንጥቅ አጠገብ በሩዝ ፍሬ መጠን ጠብ ጠብ ይደረጋል። በረሮው በልቶ ወደ መደበቂያው ተመልሶ ይሞታል፤ ኩሱንና ሬሳውን የበሉትም ይመረዛሉ። ጄል በተደረገበት ቦታ ፍሊት መንፋት ሥራውን ያበላሻል፣ በረሮው ይሸሸዋልና። ከወር በኋላ አዲስ የተፈለፈሉትን ለመያዝ ይደገማል፤ በጋራ ግቢ ከሆነ ሁሉም ክፍሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያደርጉት ይመረጣል። ቦሪክ አሲድም ከፍሪጅ ጀርባና ሥር በስሱ ከተነሰነሰ ይሠራል፤ ልጅና ምግብ ከማይደርሱበት ቦታ መሆን አለበት።

ከሁሉ የከፋው ለእርሻ ወይም ለጎተራ የተዘጋጀ መርዝ ቤት ውስጥ መጠቀም ነው። በተለምዶ የነቀዝ ኪኒን የሚባለው አልሙኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በስንጥቅ አልፎ በሚቀጥለው ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ይህ ኪኒን በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ለበረሮም ሆነ ለትኋን ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ምልክት ጽሑፍ በሌለው ብልቃጥ የተቀዳ ፈሳሽ ምንነቱም ሆነ መጠኑ ስለማይታወቅ መመረዝ ሲደርስ ሐኪሙ ምን እንደሚያክም ለማወቅ ይቸገራል። የተመረዘ ሰው ሲገኝ በርና መስኮት ተከፍቶ በአስቸኳይ ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፤ የመርዙ ማሸጊያ ካለ አብሮ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።