አገዳ ቆርቁር በጋውን የት ይከርማል?

በቆሎና ማሽላ በሚመረትባቸው አካባቢዎች ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ አገዳው አይጣልም። ከፊሉ ለከብት መኖ፣ ከፊሉ ለማገዶ፣ ረጅሙና ጠንካራው ደግሞ ለአጥርና ለቤት መሥሪያ እየተባለ በየጓሮው ቆሞ ይከመራል። በጥር ወይም በየካቲት ከዚህ ክምር ጥቂት አገዳዎች አንሥቶ ከግርጌያቸው በኩል በቢላዋ የሚሰነጥቅ ሰው፣ ባንዱ ወይም በሌላው ውስጥ ትል ተኝቶ ያገኛል። ትሉ አይበላም፤ ከቦታው አይንቀሳቀስም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አልሞተም። በሚመጣው ዝናብ አዲሱን ቡቃያ የሚያጠቃው ተባይ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ገበሬው ስለ አገዳ ቆርቁር ለልማት ሠራተኛው የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የቡቃያው ቅጠል ተበሳስቶ ወይም የመሃል ቅጠሉ ደርቆ ሲያይ ነው። ያን ጊዜ ትሉ ወደ አገዳው ከገባ ርጭት አያገኘውም። ተባዩ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፣ መሸሽም ሆነ መራባት ሳይችል የሚቆየው በበጋ ወራት ነው። እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የተኛውን ትል ረስተን ስለ ዘርና ማዳበሪያ እንነጋገራለን።

የዕድገቱ ደረጃዎች

አገዳ ቆርቁር እንደ ሌሎች የእሳት እራቶች ሁሉ በአራት ደረጃዎች ያልፋል፤ እነዚህም እንቁላል፣ እጭ (ትሉ ማለት ነው)፣ ፑፓና የእሳት እራት ናቸው። በደጋና በወይናደጋ በብዛት የሚገኘው ዓይነት እናት ቡናማ፣ ሌሊት የምትበር፣ ቀን ተደብቃ የምትውል የእሳት እራት ናት። ዕድሜዋ ከጥቂት ቀናት እስከ አሥር ቀን ያህል ቢሆንም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሎቹን የምትደብቀው ቅጠሉ አገዳውን በሚያቅፍበት ሰገባ ሥር ስለሆነ በቀላሉ አይታዩም። በቆላ ያለው ሌላው ዓይነት ግን እንቁላሉን በቅጠሉ ላይ በግልጽ ይጥላል።

እንቁላሉ በሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በበለጠ ጊዜ ይፈለፈላል። ትናንሾቹ እጮች ወደ ቡቃያው እምብርት ወጥተው ገና ያልተዘረጉትን ለጋ ቅጠሎች ይመገባሉ። ቅጠሉ ሲዘረጋ በተርታ የተበሳሱ ቀዳዳዎች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያም ከፊሎቹ ሐር በመሰለ ክር ተንጠልጥለው በነፋስ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራሉ፤ የቀሩት አገዳውን በስተው ይገባሉ። ከአንድ ወር ያህል በኋላ አድገው ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ሲጠጉ በአገዳው ውስጥ ፑፓ ይሆናሉ። እጩ ፑፓ ከመሆኑ በፊት አገዳውን ከውስጥ ቦርቡሮ ስስ ልጣጭ ብቻ የቀረው መውጫ ያዘጋጃል፤ የእሳት እራት አገዳ መቦርቦሪያ አፍ የላትምና ይህን ካላሰናዳላት በውስጡ ታፍና ትቀራለች። ፑፓው በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ እሳት እራትነት ይለወጣል። ዝናቡ ረዘም በሚልበት አካባቢ በአንድ ዓመት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ትውልድ ይፈራረቃል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባው መጤ ተምች ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተምቹ እጭ በግንባሩ ላይ ወደ ታች የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። ተምቹ የበጋ እንቅልፍ ስለሌለው ከዚህ በታች የተጻፈው አይመለከተውም።

የበጋው እንቅልፍ

በመጨረሻው ትውልድ የሚገኙት እጮች አድገው ሳለ ፑፓ አይሆኑም። አገዳው ሲያረጅና ሲደርቅ መመገብ ያቆማሉ፤ በሰውነታቸው ላይ ያለው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይደበዝዛል፤ ወደ አገዳው ግርጌ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ከአፈሩ በታች ባለው ጉቶ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቀድሞ ባከማቹት ስብ ብቻ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ በዚህ ሁኔታ ይቆያሉ።

ከእንቅልፋቸው የሚቀሰቅሳቸው ዋናው ነገር ውኃ ነው። ዝናብ አገዳውን ሲያርሰው እጩ ውኃውን ያገኛል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ፑፓ ይሆናል። የእሳት እራቷ የምትወጣው እንግዲህ ገበሬው የዘራው ቡቃያ ብቅ በሚልበት ሰሞን ነው። ገበሬውም ተባዩም የሚጠብቁት አንድ ዝናብ ነው።

አገዳው ምን ይደረግ?

በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አገዳው ሁሉ ይቃጠል እያልሁ እመክር ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ አገዳዬን ካቃጠልክ እንጀራዬን በምን ልጋግር?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ክምሩን በሙሉ አቃጥሉ የሚል ምክር ለገበሬው ጉዳት ነው፤ አይፈጸምምም።

የተሻለው መንገድ አገዳው ቆሞ ከመከመሩ በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በፀሐይ ላይ አጋድሞ ሳስቶ መዘርጋት ነው። በአገራችን በተደረገ ሙከራ በዚህ መንገድ በበቆሎና በማሽላ አገዳ ውስጥ የነበሩት እጮች እጅግ አብዛኞቹ በሙቀቱና በድርቀቱ አልቀዋል። አገዳው ግን ለማገዶም ለአጥርም እንደተፈለገ ይቆያል። በክምር ውስጥ ቆሞ የዋለ አገዳ እርስ በርሱ ጥላ ስለሚሆን ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ምስጥ በበዛበት ቦታ ገበሬዎች አገዳውን መሬት ላይ ማዋል አይወዱም፤ እውነት አላቸው። እዚያ ሌላ አማራጭ አለ። ምርቱ እንደተነሣ፣ ቅጠሉ ደርቆ አገዳው ገና እርጥብ ሳለ በላዩ ላይ ቀላል እሳት ማሳለፍ ነው። ቅጠሉ ይነዳል፤ ሙቀቱ እጩን ይገድላል፤ አገዳው ይተርፋል። ይህ በናይጄሪያ በማሽላ ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከቤትና ከክምር ርቆ፣ ሰዎች ባሉበት ብቻ መደረግ አለበት። ለመኖ የተለየው አገዳ ዝናብ ሳይመጣ ተቆራርጦ ለከብቶች ቢሰጥ ይበቃል። በማሳ ላይ የቀረውን ጉቶ ደግሞ በበጋ እርሻ ገልብጦ ለፀሐይ ማጋለጥ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የእሳት እራት አጥር አያግዳትም፤ አሥር ቤት አገዳውን ዘርግቶ አንድ ቤት ሳይነካው ቢቀር የአሥሩም ማሳ ይጠቃል። ስለዚህ የመዘርጊያው ቀን በጠቅላላ ጉባኤ ቢወሰን፣ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አባወራ የሌላቸው ቤቶችም በደቦ ቢታገዙ ይሻላል። ሥራው በልግ በሚዘንብበት አካባቢ እስከ የካቲት አጋማሽ ማለቅ ይኖርበታል።

ለተማሪዎች ማሳየት

አባት ያልሰማውን ልጅ ያሰማዋል። የልማት ሠራተኛው ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ሁለት አገዳ እንዲያመጣ ያድርግ፤ አንዱ ቆሞ ከተከመረው፣ ሌላው ተዘርግቶ ከሰነበተው ይሁን። መሰንጠቁን አዋቂ ይሥራው። ተማሪዎቹ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ለየብቻ ቆጥረው በሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከሞተ እጭ ጎን ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ጥቃቅን ጥቅሎች ከተገኙ እጩን የገደለችው ጥቃቅን ተርብ ጎጆዎች ናቸውና ወደ ማሳው ይመለሱ እንጂ አይጨፍለቁ።

በሕይወት የተገኙት እጮች ከአገዳ ቁራጭ ጋር በሁለት ጠርሙሶች ተከፍለው በስስ ጨርቅ ይታሰሩ። አንደኛው ደረቅ እንደሆነ ይቆይ፤ በሁለተኛው ላይ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ውኃ ይረጭ። ይህ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ቢጀመር ይመረጣል፤ በታኅሣሥ ከተጀመረ እንቅልፉ ገና ከባድ ስለሆነ ልጆቹ በመጠበቅ ይሰለቻሉ። በእርጥቡ ጠርሙስ ፑፓ፣ ቀጥሎም የእሳት እራት ሲወጣ፣ በደረቁ ያለው ገና ትል እንደሆነ ያያሉ። ሙከራው ሲያበቃ ጨርቁ ሳይፈታ ሁለቱም ጠርሙሶች በፈላ ውኃ ውስጥ ይነከሩ፤ አንዲት እንኳ የእሳት እራት በመስኮት እንዳታመልጥ መምህሩ ይጠንቀቅ።