ጆንያ፣ እሳትና ሲሚንቶ፦ ሠዓሊው አልቤርቶ ቡሪ ያልተናገረው

በምዕራብ ሲሲሊ፣ በቤሊቼ ሸለቆ ከሚገኙት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ፣ 80,000 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነጭ ሲሚንቶ ተነጥፏል። ከሩቅ ሲያዩት ደርቆ የተሰነጣጠቀ ማሳ ይመስላል። ሲቀርቡት ስንጥቆቹ ሰው የሚሄድባቸው መተላለፊያዎች ሆነው ይገኛሉ፤ ግራና ቀኛቸው 1.6 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ድፍን ሲሚንቶ ነው። ከሥሩ በጃንዋሪ 1968 በመሬት መንቀጥቀጥ የወደመችው የጊቤሊና ከተማ ፍርስራሽ አለ (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«ግራንዴ ክሬቶ» የተባለውን ይህን ሥራ የነደፈው ጣሊያናዊው ሠዓሊ አልቤርቶ ቡሪ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓን ሥዕል መልክ ከለወጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ስለ ሥራዎቹ ትርጉም ሲጠየቅ ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ነበረው፦ ቅርጽና ሚዛን እንጂ ሌላ ነገር የለባቸውም። ሥራዎቹን የሚያይ ሰው ግን ይህን መልስ ተቀብሎ ዝም ማለት ይቸግረዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከማንም ይልቅ ሊቸግረን ይገባል።

ቡሪ በ1915 በኡምብሪያ ግዛት በምትገኘው ቺታ ዲ ካስቴሎ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ፣ እናቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። በ1935፣ በሃያ ዓመቱ፣ ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በበጎ ፈቃደኝነት ዘመተ። ከዚያ ተመልሶ በ1940 ከፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ ወዲያውም የጦር ሐኪም ሆነ። በሜይ 1943 ቱኒዚያ ላይ ተማረከና አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወዳለው የሄርፎርድ የምርኮኞች ካምፕ ተወሰደ። ኢጣሊያ ጎራ ከለወጠች በኋላ ከአሜሪካኖች ጋር ለመተባበር እንዲፈርሙ ሲጠየቁ እምቢ ካሉት ምርኮኞች አንዱ እርሱ ነበር። ሥዕል የጀመረው እዚያው፣ ከሽቦው አጥር ውስጥ ሆኖ ነው።

በ1946 ወደ ኢጣሊያ ሲመለስ አገሪቱ ፈርሳለች፤ ታናሽ ወንድሙም ከሩሲያ ግንባር አልተመለሰም። ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሮም ላይ ሠዓሊ ሆነ። የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእዩን በ1947 ካሳየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀለሙን ገታ አድርጎ ጆንያ አነሣ። ያረጀ፣ የተቀዳደደ፣ ተጥፎ የተሰፋ፣ የእህልና የሸቀጥ ማመላለሻ ጆንያ። በ1949 የሠራው «ኤስ ዜድ 1» ላይ ከአሜሪካ እርዳታ ጆንያ የተቀደደ፣ የአሜሪካ ባንዲራ ቁራጭ የታተመበት ጨርቅ ይታያል። በዚያ ዘመን ጣሊያኖች ማርሻል ፕላን በተባለው የአሜሪካ እርዳታ የመጣ እህል እየበሉ ነበርና፣ ቡሪ የተጠቀመው የሕዝቡን ረሃብና ጥገኝነት ተሸክሞ የመጣውን ጨርቅ ራሱን ነው።

ኃይሉም እዚህ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ሠዓሊ ቁስልን ለማሳየት ቁስል ይሥል ነበር። ቡሪ ግን ጨርቁን ራሱን ቀደደው፣ ሰፋው፣ በቀዳዳው ሥር ቀይ አኖረ። ብዙ ተቺዎች፣ በተለይ በ1955 ስለ እርሱ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ጄምስ ጆንሰን ስዊኒ፣ በጆንያዎቹ ውስጥ የሚደማ ሥጋና የቀዶ ሐኪም እጅ አዩ። ቡሪ ይህን ንባብ አልወደደውም።

አቀባበሉ ቀላል አልነበረም። የ1952ቱ የቬኒስ ቢዬናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ «ስትራፖ» የተባለውን ሥራውን ከሥዕል ክፍሉ አስቀረው፤ ለዚያው ሥራ የተዘጋጀው ንድፍ ግን በሥዕላዊ ንድፍ ክፍል ቀርቦ ሠዓሊው ሉቾ ፎንታና ገዛው። በ1959 «ግራንዴ ሳኮ» የተባለው የጆንያ ሥራው ሮም በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መታየቱ እስከ ምክር ቤት ደረሰ፤ ኮሚኒስቱ ሴናተር ኡምቤርቶ ቴራቺኒ ጥያቄ አቀረቡበት። ቡሪ ለክርክሩ ጊዜ አልሰጠም። ከጆንያ ወደ እሳት ተሻገረ፦ ስስ ጣውላ አቃጠለ፣ ላሜራ በየደ፣ በስልሳዎቹ ደግሞ ፕላስቲክን በነበልባል እያቀለጠ ቀዳዳ አወጣበት። በሰባዎቹ ነጭ የቀለም ዱቄትና ኮላ ደባልቆ በወፍራሙ አፈሰሰና ሲደርቅ በራሱ እንዲሰነጣጠቅ ተወው። «ክሬቶ» የሚባሉት እነዚህ ሥራዎች መነሻቸው በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ ያየው የተሰነጣጠቀ መሬት ነው።

ሥራው እዚህ ሲደርስ ነበር ጊቤሊና የጠራችው። ከተማዋ ከተናወጠች በኋላ ነዋሪዎቿ ለዓመታት በጊዜያዊ መጠለያ ኖሩ። አዲሲቷ ጊቤሊና ከአሮጌዋ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ ተሠራች፤ ከንቲባው ሉዶቪኮ ኮራኦም የታወቁ ሠዓልያንንና አርክቴክቶችን ጋብዘው በሥራዎቻቸው ሞሏት። ቡሪ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ በአዲሲቷ ከተማ አንዳች ነገር ማቆም አልፈለገም፤ ፍርስራሹን መረጠ። ፍርስራሹ ተሰብስቦ በሲሚንቶ እንዲሸፈን፣ ስንጥቆቹም በከፊል የድሮዎቹን ጎዳናዎች እንዲከተሉ አደረገ። በ1984 ተጀምሮ ገንዘብ ሲያልቅ በ1989 ቆመ። የተጠናቀቀው በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2015 ነው። ቡሪ ግን በ1995 ፈረንሳይ፣ ኒስ ውስጥ ሞቷል።

በዚህ ሥራ ላይ ያለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ቤት ለሌለው ሕዝብ ሐውልት ይቀድማልን? የሰው ደጃፍና የጸሎት ቤት በሲሚንቶ ሲደፈን የባለቤቶቹስ ትዝታ ማን ጋር ይቀራል? እነዚህ የቅናት ጥያቄዎች አይደሉም፤ ቤት የፈረሰበት ሰው ጥያቄዎች ናቸው። በሌላ በኩል፣ ዙሪያዋን ያሉ የፈረሱ መንደሮች በሣር ተውጠው ሲረሱ፣ አሮጌዋን ጊቤሊና ዓለም በስም ያውቃታል። አዲሲቷ ከተማም ለ2026 የኢጣሊያ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ መዲና ተብላ ተመርጣለች። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ፦ «ግራንዴ ክሬቶ» ካየናቸው የመታሰቢያ ሥራዎች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ የነዋሪዎቹም ቅሬታ የሥራው አካል ሆኖ መነገር አለበት።

ይኸው ሚዛን ለቡሪ ሕይወትም ይሠራል። ብዙዎቹ አጫጭር የሕይወት ታሪኮቹ ከሐኪምነቱና ከቴክሳስ ይጀምራሉ። ለእኛ ግን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ 1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ከሰማይ የወረደበት፣ መንደሮች የነደዱበት ዘመን ነው። የዚያን ጦርነት ግፍ ሁሉ በአንድ የሃያ ዓመት ዘማች ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከታሪኩ መዝለልም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከተቃጠለ ጣውላና ከተሰፋ ጆንያ ፊት ስንቆም ተቺዎቹ የሚነግሩን ስለ አውሮፓ ቁስል ነው። እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ። የሠዓሊው የመጀመሪያ ጦርነት በእኛ ምድር የተካሄደው ነበር፤ እዚያም ቦምብ ሥጋና ቤት አቃጥሏል። ቡሪ ዝምታን መረጠ፤ መብቱ ነው። ሙዚየሞች፣ ተቺዎችና የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የእርሱን ዝምታ የመውረስ ግዴታ የለባቸውም። የሕይወት ታሪኩን ሲጽፉ 1935ን በግልጽ ይጻፉ። ኢትዮጵያዊው ተመልካችም ለማድነቅ ታሪኩን መርሳት አያስፈልገውም፤ ታሪኩን ለማስታወስም ሥራውን ማንቋሸሽ የለበትም። ሙሉውን ሰው አውቆ ሥራውን ማየት ለሠዓሊውም ለተወጋውም የሚገባ ፍትሕ ነው።