ተጫዋች በቁጥር ሲመለመል፦ ከኢንዲያናፖሊስ እስከ አያት

ፉአድ ኢብራሂም ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ኳስ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤፍሲ ዳላስ በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ሶከር ድራፍት (ክለቦች በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት) ሲመርጠው ገና 15 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ለቶሮንቶ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ወደ ደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ይዘውት በሄዱት የዋልያዎቹ ስብስብ ውስጥ ተካተተ። እኛ አገር ድራፍት የሚባል ነገር የለም። ተጫዋች የሚገኘው በሙከራ፣ በሰፈር ውድድር፣ በታዳጊ ፕሮጀክትና በሰው ጥቆማ ነው። ይሁንና ድራፍትን የከበበው የስሌት ሥራ የሚመልሰው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፦ ዛሬ የምናየው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይሆናል?

ሥራው በደንብ የዳበረው በአሜሪካ ፉትቦል ነው። የመጀመሪያው ድራፍት እ.ኤ.አ. በ1936 ተካሄደ። ባለፈው ዓመት ብዙ የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ተመራጮቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም የኮሌጅ ተጫዋቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እጩዎቹ ኢንዲያናፖሊስ ተሰብስበው ይለካሉ። 36.6 ሜትር ይሮጣሉ፣ ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ፣ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረት ጀርባቸው ላይ ተኝተው እስኪደክማቸው ያነሳሉ። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ያንን የሩጫ ርቀት በ5.28 ሰከንድ ጨረሰ፤ ዘገምተኛ ተብሎም 199ኛ ሆኖ ተመረጠ። በኋላ ሰባት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ አነሳ።

በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ መለኪያን መጣል ግን ልክ አይደለም። ኩዝሚትስና አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ፈተናዎች ውጤት ተጫዋቾቹ በኋላ ከሠሩት ሥራ ጋር ሲያስተያዩ ወጥ የሆነ ዝምድና አላገኙም። አንድ ነገር ግን ጎልቶ ወጣ፤ ኳስ ይዘው ለሚሮጡ ተጫዋቾች የሩጫው ሰዓት ትርጉም ነበረው። ቢል ባርንዌል የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ሰዓቱን ከክብደት ጋር አዋሕዶ አንድ ነጥብ የሚያወጣ ቀመር ሠራ። 100 ኪሎ የሚመዝንና 85 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ልጆች እኩል ሰዓት ከገቡ ከባዱ የተሻለ ነገር አሳይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፈተና የሚጠቅመው ቦታውን ሲያገኝ ነው፤ ለየትኛው ሚና፣ በየትኛው ሰውነት ላይ እንደተለካ ሲታወቅ።

የኮሌጁ ቁጥር ከዚህ የበለጠ ይናገራል፤ ሆኖም እሱም እንዳለ አይነበብም። ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልጁ ከቡድኑ ጠቅላላ ሥራ ምን ያህሉን ድርሻ እንደያዘ ነው። ቀጥሎ ከማን ጋር እንደተጋጠመ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በስንት ዓመቱ እንደጀመረ ይጠይቃል፤ በ19 ዓመቱ ከትልልቆቹ መሃል የገነነ ልጅ፣ ያንኑ ቁጥር በ23 ዓመቱ ካስመዘገበው ጋር እኩል አይታይም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ባለሙያው ብዙ ጊዜ ይስታል። ማሲና ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ሚና ላይ ቀድሞ የተመረጠው ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የሚበልጥበት ዕድል 52 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ ከቁጥር ሁሉ የሚታወቀው ጎል ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ያስመዘገበውን 25 አሻሻለ፤ በቀጣዩ ዓመትም የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እዚያ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው፤ ስለዚህ የኛ ሊግ ጎል በደቡብ አፍሪካ ሊግ ምን ያህል እንደሚመነዘር በእሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ያም ሆኖ የምንዛሬው ጥያቄ መነሳት አለበት። ለዚህም የሊጋችን ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዓመት ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፋቸው ትልቅ ነገር ነበር። የተቀረጸ ጨዋታ ተመልሶ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሌላ አገር ያለ ክለብም ያየዋል።

ፈተናው የሚሰጥበት ቦታም ውጤቱን ይለውጣል። በአዲስ አበባ ጫፍ፣ አያት አካባቢ፣ የካፍ የልህቀት ማዕከል አለ። ብሔራዊ ቡድኖች እዚያ ያርፋሉ፣ ይለማመዳሉ። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ግን እዚህ በደረሰ ማግስት ኩፐር ቴስት የሚባለው የትንፋሽ ሩጫ ፈተና ቢሰጠው የሚለካው ችሎታው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘለለ፤ የ10,000 ሜትሩ ወርቅ ግን 29፡27.4 በሆነ ሰዓት ነው የተወሰደው፤ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይዘገያል። በዚያ ውድድር ብር፣ በማራቶን ደግሞ ወርቅ የወሰደው የደጋ ልጅ ማሞ ወልዴ መሆኑ ነገሩን ያብራራል። ስስ አየር አጭር ሩጫን ያግዛል፣ ትንፋሽ የሚጠይቀውን ይጎዳል። ልጆቹ ሰንብተው አየሩን ሳይለምዱ፣ ወይም ከየት እንደመጡ ከውጤታቸው ጎን ሳይጻፍ፣ የአያትን ሰዓት ከሌላ ቦታ ሰዓት ጋር ማወዳደር ስህተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው።

እኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ዕድሜ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ምርመራን ሥራ ላይ አዋለ። መሠረቱ ከስዊዘርላንድ፣ ከማሌዥያ፣ ከአልጄሪያና ከአርጀንቲና በተውጣጡ 496 ታዳጊ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ ከ17 ዓመት በፊት የአንጓው አጥንት ሙሉ በሙሉ ገጥሞ መገኘቱ እጅግ ብርቅ መሆኑን አሳየ። ምርመራው ዕድሜው በግልጽ ያለፈውን ይለያል እንጂ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይነግርም። ስለዚህ ያለፉት መሃልም ልዩነት ይኖራል። 14 ዓመቱ ነው የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በሩጫም፣ በዝላይም፣ በጎልም ይበልጣል፤ መዝገቡ ሁሉ የእሱን ስም ከላይ ያስቀምጣል፤ እውነተኛው የ14 ዓመት ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትክክለኛ ዕድሜ ቢታወቅም ሌላ መዛባት ይቀራል። የዓለም አቀፍ ውድድር የዕድሜ ወሰን ጃንዋሪ 1 ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ጥር ላይ የተወለደ ልጅ በቀጣዩ ኅዳር ከተወለደው በአሥር ወር ይበልጣል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቡድን ይመዘናሉ። መራጮች ሳያውቁት በወሰኑ መጀመሪያ ላይ ወደተወለዱት እንደሚያዘነብሉ በብዙ አገር የወጣቶች እግር ኳስ ተደጋግሞ ታይቷል።

ይህን ለማረም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ ወይም በሰሚት ታዳጊ የያዘ አሠልጣኝ የልደት ቀን፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የተጫወተበት ደቂቃና የተጋጠመው ቡድን የሚመዘገቡበት ደብተር ቢይዝና በየስድስት ወሩ ቢያድሰው፣ ከአንድ ቀን ሙከራ የማይገኘውን የእድገት መስመር ያያል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ የተወለዱትና በወቅቱ የተመዘገቡት ልጆች በ2023 ዓ.ም. 15 ዓመት ይሞላቸዋል፤ የልደት ቀናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ለምልመላ ይቀርባሉ። ከዚያ በፊት የተጫወቱት ኳስ መዝገብ የሚገኘው ግን ዛሬ የሚያሠለጥኗቸው ሰዎች ከጻፉት ብቻ ነው።