ኳንቲቲ ሰርቬየር መቅጠር ስንት ያስወጣል? ከሸዋ ሮቢት መረሬ አፈር አንፃር



ኳንቲቲ ሰርቬየር፣ ማለትም የግንባታን መጠንና ዋጋ የሚያሰላ ባለሙያ፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከግንባታው ወጪ በመቶኛ ይታሰባል። እኔ ይህን ስሌት አልወደውም፤ ግንባታው በተወደደ ቁጥር ወጪውን እንዲቆጣጠር የተቀጠረው ሰው ክፍያም አብሮ ያድጋልና።

ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ሸዋ ሮቢትን እንውሰድ። በይፋት ቆላ ረባዳ ቦታዎች መረሬ አፈር አለ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሕንፃው ሥር ተቆፍሮ ይወጣና በተመረጠ አፈር ይተካል። ለምሳሌ ያህል ወለሉ 600 ካሬ ሜትር የሆነ ሕንፃ እናስብ። የሥራ ዝርዝሩ 50 ሳንቲ ሜትር ቁፋሮ ቢል 300 ሜትር ኩብ ነው፤ መረሬው እስከ 1.2 ሜትር ቢወርድ ግን 720 ይሆናል። የ420 ሜትር ኩቡ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይከፈልበታል፦ ለቁፋሮ፣ አፈሩን ለማስወገድና ለሙሌት።

በዚያ ላይ አፈር ሲቆፈር መጠኑ ይጨምራል። ጭማሪው 30 በመቶ ቢሆን፣ የገልባጭ መኪና ምልልስ ለሚቆጥር ሰው 720ው 936 ሆኖ ይታየዋል። ባለሙያው የሚለካው ጉድጓዱን ነው፤ ያውም ሙሌት ሳይገባበት። ከተሞላ በኋላ ለማረጋገጥ እንደገና መቆፈር ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ክፍያው በሁለት ቢከፈል እመርጣለሁ፦ ከንድፍ ላይ ለሚሠራው የሥራ ዝርዝር ቁርጥ ዋጋ፣ ለእያንዳንዱ የመስክ ልኬት ደግሞ አበልና ትራንስፖርትን የጨመረ ሒሳብ። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ በውሉ ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ጣርማ በርን ተሻግሮ የሚመጣ ባለሙያ ማደሩ አይቀርምና፣ አሠሪ ወጪ ልቀንስ ሲል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። አንድ ጉዞ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ፣ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት ያለው ይሁን።